የፋሲካ ድሪቶ

ቀለም መምረጥ የሚባለው ጣጣ ወደ እኛ አገር መቼ እንደገባ፣ የታሪክ አስተማሪው ባልደረባዬ እንኳ አያውቀውም። እኔ ልጅ ሳለሁ ቀለም አይመረጥም ነበር። ለበዓል ነጭ፣ ለሥራ አረንጓዴ ካኪ፣ ለሐዘን ጥቁር፤ አለቀ። ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምን ዓይነት ልልበስ ብሎ አይጨነቅም፤ ቀኑ ራሱ ይነግረዋል። ያንን አረንጓዴ ቁምጣና አረንጓዴ ኮት ለብሶ ገበያ የሚወጣውን የጎጃም ገበሬ አቁማችሁ "ምነው አረንጓዴ መረጥህ?" ብትሉት፣ መልስ ሳይሆን ትዝብት ነው የምታተርፉት። አልመረጠማ! አባቱ ለብሶት ነበር፣ እሱም ለበሰው፤ ልጁም በጂንስ ካልተወሰደ በቀር ይለብሰዋል።

አሁን ግን ዘመኑ የምርጫ ነው። ባለፈው የሳሎናችንን ግድግዳ ላስቀባ ፍኖተ ሰላም ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ "ነጭ ቀለም" ብዬ ብጠይቅ፣ ሻጩ ሦስት ዓይነት ነጭ አወጣልኝ። አንዱ የዝሆን ጥርስ ነው አለ፣ አንዱ የእንቁላል ቅርፊት፣ አንዱ ደግሞ የምን አረፋ እንደሆነ ረሳሁት። ልዩነታቸውን ለማየት ከሱቁ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ብይዛቸው ሦስቱም ነጭ ናቸው። አላዋቂ እንዳልባል መካከለኛውን ጠቆምሁ። ቤት ስደርስ ሚስቴ "ይኼን ቢጫ ማን ግዛ አለህ?" አለችኝ።

ሌላው ነገር መጣፍ ነው። ድሪቶ ምን እንደሆነ ለማያውቅ የከተማ ልጅ ልንገረው፤ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተደረተ፣ መጀመሪያ የነበረው ልብስ የትኛው እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስ የተጣጣፈ ነገር ነው። የሚለብሰው ወድዶ አይደለም፤ አጥቶ ነው። በእኛ ሰፈር ሰውን ድሪቶ ለባሽ ከማለት በዱላ መምታት ይሻል ነበር፤ ዱላው ያልፋል። ይህንን ሁሉ የማወራችሁ ወድጄ አይደለም። ቀለም መምረጡም መጣፉም አንድ ፋሲካ ላይ እቤታችን ተገናኝተው ጉድ ስለሠሩን ነው።

እናቴ ወይዘሮ አንጓች ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ትኖራለች። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከቀብሩ ዕለት ጀምራ ከል ለበሰች፤ ከል ያው ጥቁሩ የሐዘን ቀሚስ ነው። አንድ ዓመት ይለበስና በሙት ዓመቱ ይወለቃል። ሙት ዓመቱ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ የእኛ አገር መንገድ በዚያ ሰሞን እንደ ሱቅ ይከፈታል ይዘጋል። እኔ ከፍኖተ ሰላም፣ እኅቴ ደብሬ ከቡሬ ተነሥተን መድረስ አልቻልንም። በስልክ አጽናናናት፤ ዝክሩን ጎረቤት አወጣው። ከወራት በኋላ መንገዱ ሲከፈት ብንሄድ እናቴ ያንኑ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ተቀበለችን። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ጥቁሩ ከመታጠብ ብዛት ወደ ዓመድማ ሄደ እንጂ ከላይዋ አልወረደም።

እኛም ሐዘኗ ጠንቶባታል አልን። ደብሬ ቡሬ ላይ በርበሬ የምትነግድ፣ በማንም የማትደናገጥ ሴት ናት፤ የእናታችን ነገር ሲነሣ ግን ድምፅዋ ይቀጥናል። "ጥቁር እንደለበሰች ትሞትብናለች" ትለኝ ነበር። እኔም ይኸው ነበር የሚያስፈራኝ። አባቴን ቀብሬአለሁ፤ እናቴን ደግሞ በቁሟ ሐዘን ሲበላት ቆሞ ማየት ከቀብር የሚከፋ ነገር ነው።

"ለምን አትጠይቋትም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። እናንተ የት አገር ናችሁ? በእኛ ዘንድ እናትን "ከልሽን ለምን አታወልቂም?" ማለት "አባታችንን እርሺው" ከማለት አይተናነስም። ደግሞ በየቀኑ እንደዋወላለን። እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ፣ ከብቱ ደህና፣ ሰዉ ደህና፣ ሰብሉ ደህና ስንባባል የሞላሁት የስልክ ሒሳብ በደኅንነት ያልቃል። ከዚያ ሁሉ ደህና መካከል ጥያቄ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ስለዚህ እንደ ወጋችን በዙሪያው ዞርን። ደብሬ ለጥምቀት ነጭ ነጠላ ላከችላት። እናቴ መርቃ አመሰገነቻት፤ ነጠላው ከዚያ ወዲያ አልታየም። እኔ ሰማያዊ ሹራብ ላክሁ። ምርቃቱ ደረሰኝ፤ ሹራቡ የውኃ ሽታ ሆነ። ባለ አበባ ሻሽም ሄዶ ነበር፤ እሱም እንዲሁ ቀረ። ቀሚስ ግን ማናችንም አልላክንም። ቀሚስ መላክ "አውልቂ" ብሎ ፊት ለፊት መናገር ሆኖብን ፈራን። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛም ተረቱን አምነን ዝም አልን።

እንዲህ እንዳለን ደብረ ዘይት ሆነ፤ ጾሙ ተጋመሰ ማለት ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሚስቴ ስልኳ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ሚስቴ ነርስ ናት፤ ትዕግሥት ትባላለች፣ ያውም በስም ብቻ። የደሴ ልጅ ስለሆነች ነገር ማዞር አልለመደችም። ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ አንዲት የፈረንጅ አሮጊት፣ ጨርቅ በሞላው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ለበዓላቸው የሚሆን የአልጋ ልብስ ትሰፋለች። ከቀይ ቁራጭ፣ ከአረንጓዴ ቁራጭ፣ ከአበባ ከምኑ ትቀጥላለች።

"ፈረንጅም ድሪቶ ይሠራል?" አልኋት።

"ድሪቶ አይደለም፣ ኩዊልት ይባላል። ጥበብ ነው" አለች።

ደሃ ሲሠራው ድሪቶ፣ ጨርቅ የተረፈው ሰው ሲሠራው ጥበብ መሆኑን በዚያው ተረዳሁ። የትዕግሥት ሐሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። ለእማማ ለፋሲካ ይህንን የመሰለ የአልጋ ልብስ እንሠራላታለን። የአልጋ ልብስ ቀሚስ አይደለም፤ ከሉን አይነካም፣ ማንንም አያስቀይም። እማማ ማታ ማታ ቀለም ውስጥ ትተኛለች። ዓይኗ ቀለም ይለምዳል። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ተነሥታ ያንን ጥቁር ስታየው ይሰለቻታል። ሁለት ዲግሪ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲፈልቅ የሚያስቆመው ሰው አይገኝም። እኔም አደነቅሁ። ለደብሬ ስንነግራት እሷም አደነቀች።

የስፌት መኪና ልንዋስ ከልብስ ሰፊው ወዳጄ ከጋሽ ዘውዴ ዘንድ ሄድን። በፋሲካ ሰሞን የጋሽ ዘውዴ በረንዳ መርገጫ የለውም፤ ከመኪናው ሥር የሚወድቀው ቁርጥራጭ ብቻ ሁለት ማዳበሪያ ይሞላል። የምንፈልገው እሱን ቁርጥራጭ መሆኑን ስነግረው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ አየኝ።

"መምህር፣ ደመወዝ አልገባም እንዴ?"

ኩዊልት የሚባለውን አስረዳሁት። ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለእናቴ አልሁት።

"ለእናትህ" አለ መነጽሩን መልሶ እየሰቀለ። ደግሞ "ለእናትህ!" አለ።

ሆኖም ጋሽ ዘውዴ ደግ ሰው ነው፤ ከረጢቱን ገለበጠልን። ተትረኑ፣ ካኪው፣ አቡጀዲው፣ ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈው የሚያብረቀርቀው፣ የተማሪ ዩኒፎርሙ፣ የመጋረጃው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተዘረገፈ። ትዕግሥት ዓይኗ በርቶ ዓይነቱን ሁሉ ማንሣት ስትጀምር ጋሽ ዘውዴ እጇን ያዛት። "ተትረንና ጥጥ አታጋቢ ልጄ" አላት። "ሲታጠቡ አንዱ ይሰበሰባል፣ አንዱ ይኮራል። የማይሆን ጋብቻ ነው። ጥጡንም ቢሆን አስቀድመሽ እጠቢው፤ የሚጠበው ጠብቦ፣ የሚለቀው ለቅቆ፣ ከዚያ ይሰፋል።" ትዕግሥት ይህንኑ ከፈረንጇ ሰምታ ኖሮ በአድናቆት አየችው። ሁለት ቀን ሙሉ ደጃችን ላይ ገመድ ተወጥሮ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲሰጣ ዋለ። መንገደኛው ሁሉ ምን እንደደረሰብን እያዘነ ያልፍ ነበር።

ከዚያ የቀለሙ ምርጫ መጣ። ገብርኄርን አንድ ሳምንት ሙሉ ፈጀብን። ከሥራ እንመለሳለን፣ ጨርቁን ምንጣፍ ላይ እንደረድራለን፣ ደብሬ በስልክ ከቡሬ ትሳተፋለች። ቀይ ይብዛበት ስትል ትዕግሥት፣ ደብሬ "ለባልቴት ቀይ? ሰው ምን ይለናል?" ትላለች። ቢጫ ይሁን ሲባል፣ ቢጫ የመነኩሴ ነው፣ መንኩሺ እያልናት ነው የሚመስለው። ነጭ ሲበዛ መግነዝ ይመስላል። ሰማያዊው ዩኒፎርም መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ቡኒው ለጥቁር ጎረቤት ነው። እኔ በበኩሌ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን እንዳይሆኑ አሳሰብሁ፤ የትኛው ባንዲራ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፣ በአልጋ ልብስ ደግሞ ሰው መጣላት የለበትም። እንዲህ ስንጥል ስናነሣ ከርመን ሽሮ መልኩ፣ ውኃ ሰማያዊው፣ ወይን ጠጁ፣ በልኩ ቀይ፣ በቁንጥር ቢጫ አለፉ።

ያለ አንዳች ክርክር የጸደቀ አንድ ውሳኔ ብቻ ነበር። ጥቁር አይገባም። ቁራጭ ቀርቶ ክር እንኳ አይገባም። ትዕግሥት መስፊያ ክሯን ወይን ጠጅ አደረገች።

አንድ ነገር ብቻ ደብሬ በግድ አስገባች። የአባቴን አረንጓዴ ኮት ሦስት ዓመት ሙሉ ደብቃ አስቀምጣው ኖሯል፤ በሚኒባስ ላከችው። እኔ ቁስል መነካካት ነው ብዬ ተቃወምሁ፤ እሷ ግን ስልኩ ላይ አለቀሰች፣ ተሸነፍሁ። ከደረቱ ላይ አንድ ሰፊ ቁራጭ ተቆረጠ። ኪስ ነበረበት። ትዕግሥት ኪሱን ልትፈታው ስትል ጋሽ ዘውዴ "ተዪው፣ ካኪው ይበሳል" ስላላት ከነኪሱ መሐል ላይ ገባ። በኒቆዲሞስ ተሰፋ፤ የተነደፈ ጥጥ በውስጡ ተነጠፈ፣ አቡጀዲ ከጀርባው ተገጠመ፣ በሆሳዕና ማግስት አለቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያምር ነበር። ጋሽ ዘውዴ እንኳ ዞር ዞር ብሎ አይቶት "ድሪቶ ነው፤ ግን ቆንጆ ድሪቶ ነው" አለ።

ቀዳም ሹር ዕለት በማለዳ ተነሣን። ልጆቹን ለትዕግሥት እኅት ትተን፣ የአልጋ ልብሱን ንጹሕ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቀን ቡሬ ወረድን። ደብሬን ይዘን በባጃጅ፣ ከዚያም በእግር ሄድን። ማዳበሪያውን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ እህል መስሎት "ምነው፣ ከከተማ ወደ ገጠር እህል ይወጣ ጀመር?" እያለ ይቀልድብናል። እኔ ልቤ ሌላ ቦታ ነበረ። ይህ ነገር ካልሠራ ሌላ ምን እናደርጋለን እያልሁ ነበር የምሄደው።

እናቴ ከጎረቤቷ ከእትዬ ማንጠግቦሽ ጋር ደጅ ተቀምጣ ለነገው ሽንኩርት ትልጣለች። ካህናቱ ያደሉትን ቄጠማ ጥቁር ሻሿ ላይ አሥራዋለች፤ ከል የለበሰ ሰው ላይ ያ አረንጓዴ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ። አክፍሎት ስለያዘች ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሽንኩርቱ መሆኑን ያስተዋልሁት ቆይቼ ነው።

ተሳሳምን፣ ተጠያየቅን፣ ሁሉም ደህና ሆነ። ከዚያ ማዳበሪያውን ፈታሁና የአልጋ ልብሱን መደቡ ላይ ዘረጋነው። ትዕግሥት ጫፉን ይዛ ፈገግ ብላ ቆመች። እትዬ ማንጠግቦሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀረብ አለችና ከዳር እስከ ዳር አየችው። ደግሞ ወደ እኛ አየች፤ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ጫማዬ።

"አንተ ልጅ" አለችኝ ዝግ ብላ፣ "ተቸግራችኋል?"

"ኧረ አልተቸገርንም እማ።"

"አትደብቀኝ። የከተማ ኑሮ መክበዱን ሰምቻለሁ፤ ጨርቅ መግዣ እስክታጡ ግን አላልሁም ነበር። እንዲህ ያለ ድሪቶ አያቴ ናት የነበራት፣ በክፉ ዘመን።"

"ድሪቶ አይደለም እማ፣ ጥበብ ነው። ፈረንጆች ናቸው የሚሠሩት" አለች ደብሬ።

"ፈረንጅንም ቸገረው?" አለች እናቴ፣ ከልቧ አዝና።

ከዚያ ብድግ ብላ ወደ ጎታዋ ሄደች። ጤፍ ልትሰፍርልን ነው! ከኋላዋ እየተከተልሁ ባስረዳም አልሰማ አለችኝ። "ማንጠግቦሽ፣ ማዳበሪያውን አቀብይኝ" ትላለች። "ይኼን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ድሪቶውንም ለልጆቹ አልብሷቸው። እኔ እግዜር ይመስገን አልተራቆትሁም።" ለእናታቸው መጽናኛ ይዘው የመጡ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ለራሳቸው እርዳታ ሲሰፈርላቸው ቆመው ያያሉ። እዚህ ላይ ብትስቁ አልቀየማችሁም።

ትዕግሥት ናት የቸገራት። በሩ ላይ ቆማ፣ እኛ ሦስት ዓመት የዞርነውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ሄደችበት።

"እማማ፣ አልተቸገርንም። ከልዎን እንዲያወልቁልን ብለን ነው። ሐዘንዎ አልወጣልዎ ብሎ ፈርተን ነው።"

ቁናው ከጤፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ደብሬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እናቴ ግን ዞር አለች፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን አይደለም፣ ቁጣም አይደለም። ግራ መጋባት ነው።

"ከሌን?" አለች። "ታዲያ መጥታችሁ አታወልቁኝም ነበር?"

"ከል በገዛ እጅ ይወለቃል? ዘመድ ነው የሚያወልቀው፤ ልጅ ያላትን ልጇ። በራሷ እጅ አውልቃ የጣለች ሴት ባል ፈላጊ ትባል የለ እንዴ? ሙት ዓመቱ ዕለት ጠላዬን ጠምቄ፣ እግሬን ታጥቤ፣ መንገድ መንገድ ሳይ ዋልሁ። መንገዱ ተዘጋ አላችሁ፤ እሺ አልሁ። ተከፈተ፤ መጣችሁ፤ ሳትነኩኝ ሄዳችሁ። ከዚያ ነጠላ ላካችሁ። ሹራብ ላካችሁ። ሹራብ ከል ላይ ይደረባል? ቀሚሱን በሌላ ጊዜ ይዘው ሊመጡ ነው ብዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። ሦስት ዓመት አስቀመጥሁት።"

"ታዲያ እማ፣ ለምን አልነገርሽንም?" አልኋት።

"አውልቁኝ ብዬ ልለምን?" አለች። "የተማራችሁ ናችሁ፤ የተማረ ሰው ወጉን ትቶታል ብዬ ለእናንተው አፍሬ ዝም አልሁ።"

እትዬ ማንጠግቦሽ ከበሩ ላይ ሆና "እኛስ ብንሆን ልጆች እያሏት እንዴት እናወልቃለን?" አለች። "ልጆቿን መስደብ ይሆናል እኮ።"

አፈርሁ። ሌላ ቃል የለኝም፤ አፈርሁ። በሐዘን ታስራለች ብለን የምንሳሳላት እናታችን የታሠረችው በእኛ ነበር። እሷ እኛን እንዳታሳፍር ዝም፣ እኛ እሷን እንዳናሳዝን ዝም፣ ጎረቤቱ ሁላችንንም እንዳያስቀይም ዝም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼኔ ነው። ሦስት ዓመት፣ አምስት ጨዋ ሰው፣ አንድ ቀሚስ። ዝም አይነቅዝም ያለውን ሰው ባገኘው የምጠይቀው ነገር ነበረኝ።

ደብሬ ቀድማ ነቃች። "አሁን ይወለቅ፣ ዛሬውኑ" አለች። እናቴም እንደ መግደርደር ብላ "በሉ እሺ" አለችና እጇን ዘረጋች። "ቀሚሱ የታለ?"

ቀሚስ! እርስ በርስ ተያየን። አምስት ዓይነት ቀለም፣ የተነደፈ ጥጥ፣ አቡጀዲ፣ ኪስ ሳይቀር ተሸክመን መጥተናል። ቀሚስ ግን ማንም አላመጣም።

ትዕግሥት ቦርሳዋን ከፈተችና ለነገ ያሰፋችውን ነጭ ቀሚስ አወጣች። ጥለቱ ጠባብ፣ ሳይለበስ የታጠፈ ነው። እናቴ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ አየችውና "አይሆንም ልጄ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ" አለች።

"እኔ ሰው ነኝ እንዴ እማማ?" አለች ትዕግሥት።

እናቴ ቀሚሱን ተቀብላ ደረቷ ላይ ለካችው።

ሴቶቹ ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ድሪቶውን ታቅፌ ደጅ ቆምሁ፤ ወንድ ልጅ በእንዲህ ያለው ነገር ውስጥ ሥራው ይኸው ነው። ቀሚሱ ለእናቴ ረዝሞ ኖሮ ትዕግሥት መርፌ ስትፈልግ፣ "ክር አምጡ"፣ "ነጭ የለም" ሲባባሉ ይሰማኛል። በመጨረሻ እትዬ ማንጠግቦሽ እልልታዋን ለቀቀችው። በሩ ተከፈተ።

እናቴ ወጣች። ነጩን ቀሚስ ለብሳለች፤ ጫፉ በወይን ጠጅ ክር ታጥፎ ተሰፍቷል። በላዩ ሰማያዊው ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ የደብሬ ነጠላ፣ ፀጉሯ ላይ ባለ አበባው ሻሽ፣ በሻሹ ላይ ቄጠማው። ሦስት ዓመት የላክነውን ሁሉ በአንዴ ለብሳዋለች። የሚያዝያ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ላቧ ይንቆረቆራል፤ ሹራቡን አውልቂ ብንላት በጄ አላለችም። "ጠብቆኝ የኖረ ልብስ ነው" አለች። ደብሬ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ በአጠገቤ የተላጠ ሽንኩርት ስለነበር ማንም አልታዘበኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ድሪቶውን እንደገና ያየችው። መደቡ ላይ ተቀምጣ በእጇ እየዳሰሰች ሄደችና መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች። አረንጓዴውን ካኪ አወቀችው። አላለቀሰችም። ጣቷን ኪሱ ውስጥ ከትታ እስከ ጥጉ ዳሰሰችው፤ ምን እንደፈለገች እንጃ። "ኪሱን አለመፍታታችሁ ጥሩ ነው" አለችና የሣጥኗን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ እዚያ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ለልጆቹ ይዛችሁ ሂዱ የሚል ነገር አልተነሣም።

ፋሲካን አብረን ዋልን። ማክሰኞ ልንሄድ ስንሰናዳ፣ እናቴ ከሉን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ይዛ መጣች። ለትዕግሥት ሰጠቻት።

"ይኼን ድሪቶሽ ላይ ጨምሪው። ድሪቶውን ይዘሽው ሂጂ፤ ስትጨርሺ ትመልሽልኛለሽ" አለች።

"እማማ፣ እኛ እኮ ጥቁር እንዳይነካው ብለን ነው የተጠነቀቅነው" አለች ትዕግሥት።

"አይቻለሁ። ለዚህ ነው ቀለሙ አጥር እንደሌለው ከብት የተበተነው። ዙሪያውን አጥሪው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፤ "ከል ለሰው አይሰጥም፣ ለማንም አይመኙትም። ሣጥን ውስጥም አላኖረውም፣ ሐዘንን እንደገና ይጠራዋል። የለበስሁትን ያህል ለብሼዋለሁ፤ አሁን ሥራ ይሥራ።"

ጤፉንም አስይዛናለች። እንቢ ብንል ዳግመኛ ዝም ልትለን ትችላለች ብለን ፈርተን ተሸከምን። ትዕግሥት ድሪቶውን ታቅፋ፣ እኔ ያመጣሁትን ማዳበሪያ ጤፍ ሞልቼ ስመለስ እነዚያው መንገደኞች "አሁን ገና ቀናችሁ" አሉኝ።

ትዕግሥት ጥቁሩን ዙሪያውን ስታስጠጋው፣ ያ ሁሉ ሳምንት የተከራከርንበት ቀለም በአንዴ ቦታ ቦታውን ያዘ። ቀዩ ቀላ፣ ሽሮ መልኩ እንኳ ሰው መሰለ። ጋሽ ዘውዴ አየውና "ይኼን ማን መረጠላችሁ?" አለ። ሦስት ዓመት አንድ ቀለም ብቻ የለበሰች ሴት ናት ብዬ ብነግረው አላመነኝም።

ከመስፋቷ በፊት ግን ትዕግሥት አንድ ነገር ልትጠይቅ ደወለች። አሁን እቤታችን ነገር በቀጥታ ይጠየቃል፤ ቢያንስ እየሞከርን ነው።

"እማማ፣ ጥቁሩ ስንት ጣት ይስፋ?"

"ሁለት ጣት ይበቃዋል" አለች እናቴ። ደግሞ ጨመረች፤ "የቀረውን ግን መልሰሽ እንዳታመጭብኝ።"